ከባቡሩ የወረደው ሰውዬ

ልጄ ዲሽ ካላስተከልኩልህ ብላ ስታስቸግረኝ ከረመች። "አባዬ፣ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጠህ አላፊ አግዳሚውን ከምታማ ቴሌቪዥን እይ" ትለኛለች። እኔ ሰው አላማም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው። ለማንኛውም እሷ አንዴ ከያዘች አትለቅምና ሳህኑ ጣሪያዬ ላይ ወጣ፣ ሪሞቱም እጄ ገባ። የመጀመሪያውን ሳምንት ስጫን ስጫን ያገኘሁት ጩኸት ብቻ ነበር፤ አንዱ ይሰብካል፣ አንዱ ስለ ኳስ ይከራከራል፣ አንዷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዲሹን ላስነቅለው ወስኜ ሳለ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጣቴ ተሳስቶ ይሁን እግዜር ገፍቶት እንጃ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም የሚያሳይ ጣቢያ ላይ አረፈ። አንዲት ሴትዮ ፈገግ አለች። ጉንጯ ላይ ያ ጉድጓድ ታየ። "ስርጉድ!" ብዬ ጮህኩ። ልጄ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ "ምን ሆንክ?" አለች። "ስርጉድ ናት! አላረጀችም እኮ!" ብላት ጊዜ ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ ትኩሳት የያዘኝ መስሏት።

ጣቢያው ለካ የድሮ የአሜሪካ ፊልም ብቻ ነው የሚያሳየው። ልጆች፣ ምክር ከሽማግሌ ይሰማል ከተባለ ስሙኝ፤ ያን ጣቢያ እዩ። የዛሬዎቹ ፊልሞች ገና ከመጀመራቸው ቤት ያፈነዳሉ። የዚያን ጊዜዎቹ እኮ አንድ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛ ላይ እስኪያስቀምጥ ድረስ ልብህን ያንጠለጥሉት ነበር። ያየሁት ፊልም ማለቂያ ላይ ማስታወቂያ መጣ፤ ለመጪው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሚታየውን ሲያሳዩ የባቡር ጣቢያ፣ የባቡር ጭስ፣ ፋኖስ የያዘ ረጅም ሰውዬ፣ ስርጉድም አጥር ተደግፋ ቆማ አየሁ። ወይ ጉድ! ሪሞቱ ከእጄ ወደቀ። የዚያን ፊልም መጀመሪያ እዚህ ነገሌ ቦረና ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። መጨረሻውን ግን እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ያ መጨረሻ ደግሞ ዕድሜዬን ነው የበላብኝ።

ያኔ ሱቄ ከገበያው ወደ ጦር ካምፑ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ ነበረች። ከአገሬ ከጉራጌ በእጄ ምንም ሳልይዝ መጥቼ፣ ከመርፌ እስከ ላስቲክ ጫማ የሚሸጥባት ሱቅ ከከፈትኩ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ሠራዊቱ የተበተነበት፣ ሰው ሁሉ ግራ የገባው ጊዜ ነበር፤ ፖለቲካውን ለሚያውቁት ልተወውና፣ እኔ የማስታውሰው ካምፑ ዙሪያ የቀሩትን ሴቶች ነው። ከጎጃሙም፣ ከወለጋውም፣ ከትግራዩም፣ ባሎቻቸውን ተከትለው መጥተው፣ ባሎቻቸው ወደ ሰሜን ሄደው እነሱ እዚያው ቀይ አፈር ላይ ቀሩ። ከሱቁ ጀርባ የበቆሎ መጋዘን ነበረኝ። ከሞያሌ በጭነት መኪና፣ በሳልባጅ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ አስመጣሁ። መስኮቱን በወታደር ብርድ ልብስ ጋረድኩ፤ ከባዶ የጥይት ሳጥን አግዳሚ አሠራሁ፤ ጀነሬተሩን ደጅ ተከልኩት። መግቢያው ሽልንግ፣ ማለት ሃምሳ ሳንቲም፣ ሻዩ ስሙኒ። ዛሬ ስሙኒ መንገድ ላይ ብትወድቅ ለማንሳት ጎንበስ የሚል የለም፤ ያኔ ግን አንድ ብር ይዘህ መግቢያና ሻይ ከፍለህ፣ በተመለሰልህ ስሙኒ ከረሜላ ገዝተህ፣ እንደ ጌታ ትቀመጥ ነበር።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ መጋዘኑ ጢም ይላል። ፊት ለፊት የካምፑ ሴቶች ይቀመጣሉ፤ ሻሻቸውን አስረው፣ ናይለን ሻርፓቸውን ጣል አድርገው፣ ቅባታቸው ቤቱን ያውደዋል። መሐል ላይ ጎረምሳው፤ ያ ከሞያሌ የሚመጣ ሰፊ ሱሪ የለበሰው፣ ከጎኔ ካለው ፀጉር ቤት ካሴት የሰማውን ዘፈን የሚያፏጨው። ከኋላ ደግሞ ከብት ሸጠው የገቡት የቦረና ሽማግሌዎች፤ ነጭ ጥምጣማቸውን እንዳሰሩ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው። ፊልሞቹ ሁሉ ኬንያ ማዶ ሰዎች ከቴሌቪዥን የቀዷቸው ያረጁ የአሜሪካ ፊልሞች ናቸው። የተዋንያኑን ስም የሚያውቅ የለም፤ እኛው አወጣንላቸው። ፈረስ ላይ የሚውለው ባርኔጣው ነው። እየደነሰ በጫማው የሚያወራው ጫማው ነው። ያ ጺሙን እንደ ክር ያቀጠነው ደግሞ ሪዘ ቀጭን፤ እሱን የካምፑ ሴቶች ይወዱታል፣ እኔ አልወደውም ነበር። ከሴቶቹ ስርጉድን የሚያክል አልነበረም።

ታዲያ እንግሊዝኛውን ማን ይፈታዋል? አስካለ ናት የፈታችው። አስካለ የመቶ አለቃ ሚስት ነበረች፤ ካምፑ ውስጥ ጸሐፊ ሆና የሠራች፣ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች፣ ቀጥ ያለች ሴት። ባሏ ከሄደ ወዲህ አንድም ወሬ አልመጣም ነበር። ሥራም ስለሌላት ለምኛት መጣች፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ እየሰማች በአማርኛ ትናገራለች። ከኋላ ያሉት አማርኛው በደንብ ስለማይገባቸው፣ ምሰሶውን ተደግፈው የሚቀመጡት የአሬሮው ሽማግሌ አባ ቦሩ ከእሷ ተቀብለው በኦሮምኛ ያስተላልፋሉ። አስካለ ቁጥብ ናት፤ ሪዘ ቀጭን "እወድሻለሁ" ቢል "እወድሻለሁ" ብላ ታልፈዋለች። አባ ቦሩ ጋ ሲደርስ ግን "ላሜ ላምሽ፣ ውኃዬ ውኃሽ፣ ዘመዴ ዘመድሽ" ሆኖ ይረዝማል፤ ፊልሙ ሌላ ቦታ ደርሶ እሳቸው ገና ጥሎሽ ላይ ናቸው። መሳሳም ሲመጣ አስካለ አንገቷን ትደፋለች፣ አባ ቦሩም በትራቸውን መሬት መታ አድርገው "እዚህ ጋ ትርጉም የለውም" ይላሉ። የባርኔጣው ፊልም ላይማ የሚያስቡት ለከብቱ ነው። "አካም ነው ነገሩ? ቀኑን ሙሉ ነዷቸው! ኤላ የለ፣ የጉድጓድ ውኃ የለ! ይሄ ሰውዬ ሽጉጡን ትቶ ለምን አያጠጣቸውም?" ብለው ይቆጣሉ፤ የኋላው ወንበር በሙሉ "እውነት ነው!" ይላል።

አንድ ጊዜ ከሞያሌ የባቡሩ ፊልም መጣ። ስርጉድ የወታደር ሚስት ናት። ባሏ በባቡር ይዘምታል። እሷ ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ እየሄደች ትጠብቃለች። ጣቢያው ላይ አንድ ፋኖስ ያዥ አለ፤ ዝምተኛ፣ ረጅም፤ ስትመጣ መንገዷን ያበራላታል፣ ስትሄድ ያበራላታል፣ ሌላ ነገር አይናገርም። ፊት ወንበር ያሉት ሴቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ በሻርፓቸው አፋቸውን ይዘዋል። አስካለም ስትተረጉም ድምፅዋ ይሰበራል፣ ታስተካክለዋለች፣ ይሰበራል። መጨረሻው ላይ ጦርነቱ አበቃ ተባለ፤ ባቡሩ እያፏጨ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ አንድ የወታደር ቦት ጫማ ደረጃው ላይ አረፈ። ከዚያ ዝናብ! ቴሌቪዥኑ ሹሹሹ አለ። የቀዳው ሰው ካሴት አልቆበት ነበር። እንዲያ ያለ ለቅሶና እንዲያ ያለ ስድብ በአንድ ላይ ሰምቼ አላውቅም።

ከተማው ለሁለት ተከፈለ። "ባልየው ነው፣ ጫማውን አወቅነው" የሚል አለ፤ "የወታደር ጫማ ሁሉ አንድ ነው" የሚል አለ። ጠላ ቤት ተጣሉበት፣ መናኸሪያ ተወራረዱበት። ከሁሉ የባሰባቸው አባ ቦሩ ነበሩ። እንደምታውቁት ቦረና ከሩቅ የመጣን ሰው ኦዱ ይጠይቃል፤ ወሬ ማለት ነው። መጀመሪያ ሰላም፣ ቀጥሎ ሰዉ፣ ከብቱ፣ ሣሩ፣ ዝናቡ፣ ከዚያ ያየኸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳትደብቅ ትናገራለህ፤ ያ ሰው ደግሞ ለሌላው ያደርሳል። ግማሽ ወሬ ማቀበል ነውር ነው። "ወልዴ፣ ያንን ሁሉ ሰው ግማሽ ኦዱ አቀበልኩት። አሬሮ ስገባ የሚጠይቁኝ ስለ ዝናብ አይደለም፤ ሰውየው ገባ ወይ እያሉ ነው" ይሉኝ ነበር።

እኔስ? እኔ ፋኖስ ያዡን ሆኜ ነበር። አስካለን ከወደድኳት ቆይቻለሁ። ስትተረጉም ጉሮሮዋ እንዳይደርቅ ሻይዋን ሳላስጠይቅ አቀርባለሁ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ጀነሬተሩን አጥፍቼ እስከ ካምፑ አጥር እሸኛታለሁ፤ ጋሽ ወልዴ ትለኛለች፣ አንቱ ትለኛለች፣ ስለ ስኳር መወደድ እናወራለን፣ በቃ። በመጨረሻ ሽማግሌ ላክሁባት። ሽማግሌው ሌላ ማን ይሆናል? አባ ቦሩ ናቸው፣ ከአንድ የጎረቤት ቄስ ጋር። ይዘውልኝ የመጡት መልስ ይሄ ነበር፦ "የባቡሩ ፊልም መጨረሻው ይታይና እነግራችኋለሁ።" ቄሱ "ሴትዮዋ ታላግጣለች እንዴ?" አሉ። አባ ቦሩ ግን አልሳቁም። "ልክ ናት። ያላለቀ ኦዱ ላይ ሌላ ኦዱ አይጀመርም" ብለው፣ ሰንጋቸውን ነድተው ሞያሌ ወረዱ። ካሴቱን ወይም ወሬውን ሳልይዝ አልመለስም አሉ።

እኔ በነዚያ ሳምንታት ያልተሳልኩት ታቦት የለም። ኃጢአቴን ይቅር ይበለኝና ስእለቴ ሰውየው ከባቡሩ እንዳይወርድ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ መጋዘኑ ሞልቶ፣ አባ ቦሩ አቧራ ለብሰው ገቡ። ጀነሬተሩን አጠፋሁ። ምሰሶው ጋ ቆመው ሰላምታቸውን ሰጡ። "ናጋ?" "ናጋ!" አለ ቤቱ። ሰዉ ሰላም ነው አሉ፣ ከብቱ ሰላም ነው፣ ከዳዋ ወንዝ ማዶ ዝናብ ጠብ ብሏል፣ ሞያሌ ከብት ረክሷል። ያን ሁሉ ስንሰማ የእኔ ዓይን ከአስካለ አልተነሳም። "የባቡሩን ፊልም ማዶ አንድ ሆቴል ውስጥ አየሁት። ካሴቱን አንሸጥም አሉ። እኔ ግን እስከ መጨረሻው አየሁት" አሉ። ከዚያ ቆም ብለው፣ በኦሮምኛ፣ አጠር አድርገው ጨረሱት። እንደዚያ አጥረው ተናግረው አያውቁም። ኦሮምኛውን የለመደችው አስካለ ከበርጩማዋ ሳትነሳ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ተረጎመች፦ "ከባቡሩ የወረደው ባሏ ነው። በሰላም ገባ።"

እልልታው ጣሪያውን አነሳው! የካምፑ ሴቶች ተቃቀፉ፣ አንዷ መሬት ተንበርክካ አፈሩን ሳመች፣ አንዷ ለማንም ለምንም ከረሜላ ስትበትን ዋለች። እኔም ሻይ በነፃ ይቀዳ አልኩ፤ ምን ልበል? ፊቴን ለመደበቅ ማንቆርቆሪያው ይሻለኝ ነበር። መልሴን አገኘሁ። ሰውየው ከገባ እሷም የሷን ትጠብቃለች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አፌን አላላቀቅኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይሄን ያለ ሰው እኔን አላየኝም። አባ ቦሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ "ድምፄ ደከመ" ብለው ማስተላለፉን ተዉት፤ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ጊዜው ሄደ። መብራቱ ደህና ሆነ፣ የቪዲዮ ቤቱ በየጥጉ በዛ፣ ሰዉም የሚተኮስበትን ወደደ፤ መጋዘኔን ዘጋሁት። ከአገር ቤት ሚስት አመጡልኝ፤ ደግ ሴት ነበረች፣ ነፍሷን ይማርና ይቺን ልጅ ሰጥታኝ ሄደች። አባ ቦሩ አሬሮ ላይ አረፉ፣ ቀብራቸው ላይ ደርሻለሁ። አስካለ ትምህርት ቤት ገብታ አስተማሪ ሆነች፤ ግማሹ ነገሌ ተማሪዋ ነው። ባሏ አልመጣም። ሌላም አላገባችም። እኔና እሷ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በዕድር እንገናኛለን፤ አሁንም አንቱ ትለኛለች፣ አሁንም ስለ ስኳር መወደድ እናወራለን። ስኳሩም እንደሆነ አላሳፈረን፤ ሲወደድ ነው የኖረው።

እንግዲህ ማስታወቂያውን ባየሁ በማግስቱ ቤቷ ሄጄ "የባቡሩ ፊልም ቅዳሜ ይታያል" አልኳት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። "እስከ መጨረሻው?" አለች። "እስከ መጨረሻው።" ቅዳሜ ጃንጥላዋን ይዛ ከች አለች። ልጄ ሻይ አቅርባ ወጣች። ፊልሙ ሲጀምር አስካለ ልማድ ሆኖባት መተርጎም ያዘች፤ እኔ ብቻዬን አድማጭ፣ እሷ ያው ቀጥ ያለች ተርጓሚ። ባቡሩ አፏጨ። በሩ ተከፈተ። ቦት ጫማው ደረጃው ላይ አረፈ። እኔ ያ ዝናብ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። አልመጣም። ሰውየው ወረደ፤ ባልየው አይደለም። ጓደኛው ነው። የባልየውን ኮፍያ በሁለት እጁ ይዞ ሰጣት። ስርጉድ ኮፍያውን ደረቷ ላይ አድርጋ ብዙ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ፋኖስ ያዡ ሄደች፣ ፋኖሱን ከእጁ ተቀብላ እሷ እያበራችለት አብረው ወጡ። አለቀ።

"አባ ቦሩ ዋሹ!" አልኩ። ከወንበሬ ተነስቻለሁ። "ያ ሰው! ኦዱ አይደበቅም የሚሉት ሰውዬ!"

አስካለ አልደነገጠችም። "ስማቸውን አታንሳ፤ እኔ ነኝ ያስዋሸኋቸው። ያን ቀን ከሞያሌ እንደገቡ በቀጥታ የመጡት እኔ ቤት ነው። ሁሉን ነገሩኝ፤ ስለ ኮፍያውም፣ ስለ ፋኖሱም። በቦረና እንዲህ ያለ ወሬ መጀመሪያ ለባለቤቱ ነው የሚነገረው አሉኝ። ለሕዝቡ ገባ በሉ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። እምቢ አሉ፤ አለቀስኩ፤ እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ እዚያ ምሰሶ ጋ አፋቸውን አልከፈቱም፤ ውሸት ባሳለፍኩበት ቦታ እውነት አላሳልፍም ብለው።"

"ለምን?"

"ፊት ወንበር የተቀመጡትን አላየህም? ያን ሁሉ ሴት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት መበለት ላድርጋቸው? እኔ በባሌ ቁርጤን ያወቅሁት እሳቸው ኮፍያውን ሲነግሩኝ ነው። ጥቁር አልለበስኩም እንጂ ያን ሳምንት ቤቴ ዘግቼ አልቅሼ ቀብሬዋለሁ።"

አንተ እንዳለችኝ ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ተመልሼ ተቀመጥኩ። "ታዲያ ለእኔ... በአፍሽ ነው እኮ የተረጎምሽው፣ ገባ ብለሽ።"

"ለነሱ ነው የተረጎምኩት፤ ላንተ ነው እንዴ?" አለች። ተቆጥታ ነበር፤ ከዚያን ዘመን ጀምሮ ስታቆየው የኖረችው ቁጣ ነው። "ሽማግሌ እኮ አንዴ ተልኮ አይቀርም! በኛ አገር በሁለተኛው ነገሩ ይላላል፣ በሦስተኛው እሺ ይባላል። መጨረሻው ይታይና አልኩ፤ ታየ። ይመጣሉ ብዬ ቤቴን ጠርጌ፣ ወንበር ተውሼ ጠበቅሁ። አንድ ክረምት ሙሉ ወንበሩን አልመለስኩም። አንተ ሻይ እየቀዳህ ስለ ስኳር ታወራልኛለህ!"

እንባዬ መጣ፤ አልጠረግኩትም። ቴሌቪዥኑ ሌላ ፊልም ጀምሮ ባርኔጣው ከብቱን ሳያጠጣ ይነዳል። ድምፄ እንደ ልጅ ሆኖብኝ "አሁንስ?" አልኳት። ጃንጥላዋን አነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "ሽማግሌ የሚልክ ሰው እኮ ሴቲቱን አያማክርም" ብላኝ ወጣች።

ስልኬን አንስቼ አሬሮ ደወልኩ፤ ለአባ ቦሩ የበኩር ልጅ ለቦሩ። እሱም አሁን ሽማግሌ ሆኗል። "አካም ጋሽ ወልዴ፣ ናጋ?" አለ። ሰዉን ጠየቅሁት፣ ከብቱን፣ ሣሩን፣ ዝናቡን፤ ነገር በደንቡ ነው። ከዚያ "ኦዱ ምን አለ?" አለኝ።

"አባትህ አንድ መልእክት ጀምረውልኝ ነበር። አላለቀም።"

"የቱ መልእክት?"

"ስትመጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እነግርሃለሁ። በትራቸው አለችህ?"

"አለች።"

"እሷን ይዘህ ና።"